መርዶ በዝማሬ አዳራሽ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ኅዳር ፳፬ ቀን ፲፱፻፹፱ ዓ.ም.

ለእኅቴ ለወይዘሮ የዓለምዘርፍ ንጉሡ
ደብረ ማርቆስ

ብዕሬን ያነሣሁበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የልጅሽን የሚናስን ሞት ለእኅቱ ለልዕልት እንዳረዳ የሰጠሽኝን አደራ እስከ ዛሬ ያልፈጸምሁት ስለ ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ነው።

አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስሽ። አያቶቻችንን ከአንድ ማሕፀን ያወጣ አምላክ አንቺን በቁምሽ ያጽናሽ፤ ሚናስንም በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። እኔም የልጄም ቤተ ሰብ ደኅና ነን።

ደብዳቤሽ እንደ ደረሰኝ፣ ፓዌ ሄዶ ሲያስተምር ወባ እንደ ነጠቀን ካነበብሁ በኋላ፣ ወሬው በስልክ እንዳይቀድመኝ ሰግቼ ለሁለት ሰዎች ብቻ ተናገርሁ፤ የማኅበራችን ሰብሳቢ ለሆነችው ለወይዘሮ ትብለጥና ታክሲ ለሚነዳው ለጸጋዬ። እንደ ወጉ ባለፈው እሑድ ንጋት ላይ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ለበስን፤ መንገደኛ እንዳያየን ካፖርት ደረብንበት፤ በጸጋዬ ታክሲ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄድን። በሯን ብናንኳኳ መልስ የለም። ጎረቤቷ ወጥታ፣ «እሑድ እሑድ በማለዳ ለዝማሬ ትሄዳለች» ብላ ስፍራውን ጠቆመችን።

እንዳላስጨንቅሽ ብዬ ያልጻፍሁት ነገር አለ፤ አሁን ግን ካልገለጥሁት የቀረው አይገባሽም። ልዕልት ከህንዶችና ከአሜሪካኖች ጋር ሆና የሂንዱዎችን የአምልኮ ዝማሬ ትዘምራለች። ኪርታን ይሉታል። አንዱ የአምላካቸውን ስም እያዜመ ያወርዳል፤ ጉባኤው እየደገመ ይቀበላል። ያም አልበቃ ብሏቸው ጊታርና ድራም ጨምረውበታል። ይህ ከተሰማ ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሰላምታ ነሥተዋታል፤ ከማኅበር ያስወጣቻትም ይህችው ትብለጥ ናት። እኔም ብሆን ምክሬን አልሰማ ስትል ቤቷን ከረገጥሁ ቆይቻለሁ።

አዳራሹ ከአንድ የጫማ መደብር በላይ ነው። በሩ ላይ ጫማ አውልቁ ተባልን። ጸጋዬ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ጋሼ፣ ካልሲዬ አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል። እኔ ታክሲ ውስጥ ልጠብቃችሁ።»

«መርዶ ነጋሪ ካልሲ አያማርጥም፤ ግባ» አልሁት።

ካፖርታችሁን ስጡን ቢሉን ከሥር ያለውን ነጠላ እናውቃለንና እንቢ አልን። ክፍሉ እንደ ምድጃ ይሞቃል፤ እኛ ቍልፋችንን እስከ አንገታችን ቈልፈን ወለሉ ላይ ተቀመጥን። አንዲት ሴት ለአምላካቸው ቀርቦ የነበረ ጣፋጭ በየመዳፋችን አኖረች። ትብለጥ በጾመ ነቢያት፣ ያውም የጣዖት መሥዋዕት ሆኖባት፣ ደንግጣ እጇን እንደ ዘረጋች ቀረች።

«ምን ላድርገው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ያዢው።»

ልዕልት ከፊት ተቀምጣለች፤ ሃርሞኒየም የሚሏትን፣ አንዱ እጅ ሲያናፋት ሌላው የሚጫወትባትን ሣጥን ከፊቷ አድርጋ፣ ዐይኗን ጨፍና ታወርዳለች። ዐይኗን ስትገልጥ አየችን። ዝማሬው ተቋረጠ። ያወቀች መሰለኝ። እርሷ ግን በሰው መካከል እየሮጠች መጥታ ጕልበታችንን ሳመች።

«ጋሼ! ትብልዬ! መጣችሁ? እኔን ልትሰሙኝ መጣችሁ?»

ወደ ጉባኤው ዞራ በእንግሊዝኛ፣ «አባቶቼና እናቴ ናቸው፤ ሊሰሙኝ መጡ» አለች። ጉባኤው ሁሉ አጨበጨበልን።

እኅቴ ሆይ፣ ለሚያጨበጭብልሽ ሰው መርዶ እንዴት ይነገራል? ስንወጣ ትብለጥን፣ «ንገሪያት» ብላት፣ «እኔ ማኅበር አስወጣኋት፤ ደግሞ ወንድሟን ላስወጣባት?» አለች። ጸጋዬም፣ «ታክሲ ልነዳ እንጂ ሰው ልገድል አልመጣሁም» ብሎ ሞተሩን አስነሣ። ለጊዜው ልደት እስኪያልፍ አቆይተነዋል።

እንግዲህ እናት ነሽና ፍርዱ ያንቺ ነው። ልንገራት ወይስ ልቆይ? ሐሳብሽን እስከ ጥር ማብቂያ በጽሑፍ እንድታሳውቂኝ እለምንሻለሁ።

ወንድምሽ
ዓባይነህ መንገሻ

•

ደብረ ማርቆስ
ጥር 6 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለጋሼ ዓባይነህ

እንደምን ከርመዋል? እኔ ከሐዘኔ በቀር ደኅና ነኝ፣ ምስጋና ለመድኃኔዓለም። ጽሕፈቴ እንደ እርስዎ አይደለም፤ ቀዩን እስክሪብቶዎን አስቀምጠው ያንብቡኝ።

ጋሼ፣ ልዕልት ይህን ነገር አሜሪካ የተማረችው አይምሰልዎ። እርስዎ ዲሬክተር ሳሉ የሒሳብ አስተማሪው ህንድ ሚስተር ናይር የት ነበር የተከራየው? እኛ ግቢ አልነበረም? ሚስቱ ጧት ጧት ፊቷን ታጥባ ያችን ሣጥን እያናፋች ስትዘምር፣ ሁለቱ ልጆቼ ቁርሳቸውን ትተው ደጃፏ ላይ ቁጭ ነበር። ሴትዮዋ ታወርዳለች፣ ልዕልት ትከተላለች፣ ሚናስ ከሁሉም ዘግይቶ በዚያ ቀጭን ድምፁ ይቀበላል። የደብራችን ቄስ ንጉሤ እንኳ በአጥር አሻግረው ሰምተው፣ «ይህን ልጅ ለዲቁና ስጡኝ» ያሉት ያን ጊዜ ነው። ዝማሬው ምን እንደሚል ግን አልጠየቁም።

ሄዳችሁ ስለሰማችኋት ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደግሞ አፈርኩ። ወንድሟ አፈር ለብሶ እሷ በእልልታ መኖሯ አይሆንም። ይንገሯት። እኔ ለቅሶ ተቀምጬ ለቅሶዬ ግማሽ ነው፤ የሚናስን ሌላውን ግማሽ የምታውቀው እሷ ናት።

ባለፈው የደም ግፊት መድኃኒት ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ይተዉት፣ እዚህ አገኘሁ። ይልቅ ድምጿን በካሴት ቀድተው ይላኩልኝ።

እኅትዎ የዓለምዘርፍ

•

አሌክሳንድሪያ
የካቲት ፱ ቀን ፲፱፻፹፱ ዓ.ም.

ለእኅቴ ለወይዘሮ የዓለምዘርፍ

ሰላምና ጤና ይብዛልሽ። ካሴቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተልኳል። ለመቅዳት ብዬ ለብቻዬ ሄድሁ፤ መሐል ከተማ ላይ ባቡር ለውጬ ሲልቨር ስፕሪንግ ወረድሁ። ስለ ዝማሬው አስተያየቴን ከፈቀድሽልኝ፣ ሃርሞኒየሙና ጥንዶቹ ትናንሽ ከበሮዎች ሥርዓት አላቸው፤ ጊታሩ ግን ከጎረቤቱ ጋር የሚጣላ ሰው ይመስላል፤ ድራም የሚመታውም ወጣት መጀመሪያ ዝግ ብሎ ይጀምርና ኋላ ላይ የሚያባርረው አውሬ ያለ ይመስል ይሮጣል። ልጅሽ ግን ድምፅ አላት። ይህን መካድ ለእኔ አይገባኝም።

ከዝማሬው በኋላ ወደ ባቡሩ ሸኘችኝ። ካሴቱን ስትሰሚ በመካከሉ ዝምታ ታገኛለሽ፤ የእኔ መቅጃ ተበላሽቶ አይደለም። አንድ ስም ታወርድና እጇን ለጉባኤው ከፍ ታደርጋለች፤ ያን ጊዜ ማንም አይቀበላትም፤ የሃርሞኒየሙ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፤ ከዚያ ትቀጥላለች። ጠየቅኋት።

«ለምን ትተዪዋለሽ?»

«የሚናስ ቦታ ነዋ፣ ጋሼ! እነሱም ያውቃሉ፣ ማንም አይነካውም። በሰኔ ትልቅ ፕሮግራም አለን፤ ኢንቪቴሽን ልኬለታለሁ። ቪዛውን ከሰጡት እዚያች ቦታ ላይ እሱ ነው የሚገባው። እሱ ከመጣ ጊታሩንም እናስቀንሰዋለን፣ አይዞዎት።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ስለ ጊታሩ ምን አልሁ?»

«ፊትዎ አለ እንጂ! ትምህርት ቤት የተሳሳተ ዐረፍተ ነገር ሲያዩ እንደሚያደርጉት።» እየሣቀች ክንዴን ያዘችኝ። ቀጥላም፣ «ግን ይኼ ልጅ ለምን አይጽፍልኝም? ለእርስዎስ ጽፎ ያውቃል?» አለች።

ባቡሩ መጣ። ገባሁ።

እኅቴ፣ አልነገርኋትም። ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው፤ በጾም መካከል ከምናስለቅሳት ትንሣኤን እናሳልፋት የሚል ሐሳብ አለኝ። ትስማሚ እንደ ሆነ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ዓባይነህ

•

ደብረ ማርቆስ
መጋቢት 15 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለጋሼ ዓባይነህ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ካሴቱን ሰማሁት። ያች ዝም የምትልበት ቦታ ስትደርስ ማጥፋት አቃተኝ፣ መስማትም አቃተኝ። ሁለተኛ አይላኩልኝ።

ልዕልት ቴሌ አስጠርታኝ ነበር። ምን እንዳለችኝ ልንገርዎ? ለቪዛው የሚናስን የልደት ወረቀት ላኪልኝ አለች። «እሱ ፓዌ ነው፣ መንገድ የለም» አልኳት። «እንግዲያው አንቺ ከማዘጋጃ ቤት አውጪልኝ፣ እማ» አለች። እሺ አልኩ። ጋሼ፣ ከዚያው ከማዘጋጃ ቤት የሞቱን ወረቀት ያወጣሁ እኔ ነኝ፤ በዚያ በር እንዴት ተመልሼ ልግባ?

መጀመሪያ ልደት አሉኝ፣ ቀጥሎ ጾሙ አሉኝ። ትንሣኤን ሰጠሁዎ። ከዚያ ወዲያ ካልነገሯት እኔ በዚሁ በቴሌ ስልክ፣ ሰው ተሰልፎ እየሰማ፣ እነግራታለሁ። ብቻዋን ስልክ ይዛ ከምትወድቅ እናንተ ሆናችሁ ብትይዟት ይሻላል ብዬ ነው እስካሁን የታገሥኩት።

የዓለምዘርፍ

•

አሌክሳንድሪያ
ግንቦት ፲፩ ቀን ፲፱፻፹፱ ዓ.ም.

ለእኅቴ ለወይዘሮ የዓለምዘርፍ

እግዚአብሔር ያጽናሽ። አደራሽ ተፈጽሟል። እንዴት እንደ ተፈጸመ ሳልሸፍን እጽፍልሻለሁ፤ ከእኔ በቀር ሌላ ሰው እንዲነግርሽ አልሻም።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ሦስታችን ሄድን። ቤት ነበረች። በሩን ከፍታ ስታየን ሣቀች፤ «ጋሼ፣ ቅዳሜ ነው እኮ! ዛሬ ዝማሬ የለንም» አለች። ወዲያው ነጠላችንን አየች። ጸጋዬ ማልቀስ ጀመረ። ልናገረው ለወራት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሁሉም ጠፋብኝና፣ «ልጄ፣ ሚናስ ዐርፏል» ብቻ አልሁ።

«መቼ?»

«በጥቅምት።»

ትጮኻለች፣ ፊቷን ትነጫለች ብለን ትብለጥ እጇን ልትይዝ ቀረበች። እርሷ ግን ቆማ እኔን ብቻ ታየኛለች።

«በጥቅምት ከሆነ… ያን እሑድ አዳራሽ የመጣችሁት…»

ጸጋዬ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ።

«ልትሰሙኝ አልነበረም?»

ትብለጥ፣ «ኧረ ልጄ፣ ሁለቱም ነው፣ መስማቱም…» ማለት ጀመረች። ልዕልት ግን ከእኔ ላይ ዐይኗን አላነሣችም። እኅቴ፣ በወንድሟ ዋሽቻታለሁ፤ በዚህ ደግሞ ልዋሻት አልቻልሁም። «አልነበረም» አልኋት።

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ዕንባ አልወጣትም።

ለቅሶው እንደ ወጉ ተቀመጠ። ሰዉ ከአሌክሳንድሪያም ከግሪንቤልትም መጣ፤ ሰላምታ የነሷት ሴቶች ሁሉ ምግብ እየያዙ መጡ፤ አልቃሽም ተገኘች። ሁሉ ሲያለቅስ እርሷ እንደ እንግዳ ትመለከተናለች። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የዝማሬ ባልንጀሮቿ መጡ። ጫማቸውን ኮሪደሩ ላይ ደርድረው ገቡ፤ አንድ ሽማግሌ ህንዳዊ ሃርሞኒየሟን ታቅፏል። ስለ ወንድሟ ሊዘምሩ ፈቃድ የጠየቀው እኔን ነው፤ ከሁሉ በዕድሜ የምበልጠው እኔ መሆኔን አይቶ ይመስለኛል።

ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። «የክርስቲያን ለቅሶ ቤት ነው፤ ሙዚቃ አይገባበትም» አልሁት። ሰውዬው እጁን አጋጥሞ ጐንበስ አለና መሣሪያዋን አጠገቡ አኑሮ ተቀመጠ። አልተቀየመም። ያን ጊዜ ልዕልት ካረዳናት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ። ቦታውን እኔ ልሙላለት።»

«ልጄ፣ ሰው ፊት ነው። በኋላ፣ ብቻሽን ስትሆኚ።»

«ብቻዬን አይሆንም። የሚያወርድ ያስፈልጋል።»

ፊቴን ወደ ሴቶቹ መለስሁ። ተነሣች። ኮሪደሩ ላይ ከተደረደሩት መካከል ጫማዋን ፈልጋ አጠለቀችና ከሰዎቹ ጋር ወጣች። ትመለሳለች ብለን ጠበቅን። እራት ቀረበ፤ ሌሎች ለቀስተኞች ገብተው፣ «የታለች?» እያሉ ጠየቁን። እኅቴ ሆይ፣ ሐዘንተኛዋ በወጣችበት ቤት ለቅሶ ተቀምጠን ቀረን። በሦስተኛው ቀን ትብለጥ ዕቃውን አጥባ፣ በሩን ቈልፋ፣ ቍልፉን ለጎረቤት ሰጠች።

ከዚያ ወዲህ ቤቷን ለቃለች። የፓርኪንግ ሥራዋንም ትታለች። ጸጋዬ በታክሲው ያልዞረበት መንገድ የለም። ለአንቺ ጽፋልሽ እንደ ሆነ በቶሎ አስታውቂኝ።

ዓባይነህ

•

ደብረ ማርቆስ
ሰኔ 8 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለጋሼ ዓባይነህ

ጽፋልኛለች። ያለችው ይህን ብቻ ነው፤ «እማ፣ በሕይወት አለሁ። ማንም እንዳይፈልገኝ ንገሪልኝ።» አድራሻ የለውም።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ላጫውትዎ፣ ከዚያ አልጽፍልዎም። የሚናስን አስከሬን ከፓዌ ማምጣት ስላልቻልን እዚህ የተለቀሰው በልብሱና በፎቶው ነው። አልቃሿ ደክሟት ስታርፍ እኔ ተነሣሁና የሚስስ ናይርን ዜማ አወረድኩት። ቃሉን አላውቀውም፤ ከልጆቼ አፍ የቀረልኝን ነው። ሴቶቹ መጀመሪያ ደነገጡ፣ በኋላ ተቀበሉኝ። ቄስ ንጉሤ ተቀምጠው ነበር፤ መስቀላቸውን ይዘው ዝም አሉ። የተለቀሰለት ያን ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በፊት ጩኸት ነበር።

ይህን ቀድሜ አልጻፍኩልዎም፤ እርስዎ ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ ፈርቼ። ብጽፍልዎ ኖሮ ያችን ልጅ አይከለክሏትም ነበር ይሆናል። እሱንም ከማሰብ አላረፍኩም።

አንዱን ቀብሬያለሁ። ሌላዋን በቁሟ እንዳልቀብር፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ይጻፉ።

የዓለምዘርፍ

•

አሌክሳንድሪያ
ሰኔ ፳፯ ቀን ፲፱፻፹፱ ዓ.ም.

ለልጄ ለልዕልት

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ አንድ ፈቃድ ልለምንሽ ነው። ፈልጌሽ አይደለም። ደብዳቤውን ለአዳራሹ ሽማግሌ ሰጠሁት፤ የምትኖሪበትን አልጠየቅሁትም፣ እርሱም አልነገረኝም። «ትመጣለች፤ እሰጣታለሁ» አለኝ። ከዚህ የበለጠ አላውቅም።

እናትሽ በሕይወት አለች፤ ጤናዋም ደኅና ነው። እኔ ስለ ነገሩ መናገር የማይገባኝ ሰው ብሆንም ልታውቂው የሚገባ ነገር አለ። የሚናስ ለቅሶ በደብረ ማርቆስ ሲለቀስ እናትሽ የሚስስ ናይርን ዝማሬ አወረደች፤ የሰፈሩ ሴቶችም ተቀበሏት። ቃሉን አታውቀውም፤ ከእናንተ የሰማችውን ነው። ወንድምሽ ሳይዘመርለት አልሄደም።

ትብለጥ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ስለ አንቺ ትጠይቀኛለች፤ የምላት ስለማላገኝ ከእርሷ መሸሽ ጀምሬያለሁ። ጸጋዬ ሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ባደረሰ ቍጥር በጫማው መደብር በኩል ዞሮ ይመለሳል። ወደ አዳራሹ እንዳይወጣ አስጠንቅቄዋለሁ።

ልጄ፣ ያን ቀን በር ላይ ስትጠይቂኝ የመለስሁልሽ ቃል እውነት ነበረ፤ ላሻሽለውም አልችልም። የምችለው ሌላ እሑድ መለመን ብቻ ነው። ሐምሌ ፲፫ እሑድ ይውላል። በዚያ ቀን የምትዘምሪ እንደ ሆነ መጥቼ ልስማሽ። ብቻዬን ነኝ። የማደርሰው መልእክት የለኝም፤ የምመክርሽም ነገር የለኝም። በር አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ስታበቂ ሰላምታ ባትሰጪኝም እሄዳለሁ። ዝማሬውን ትተሽ እንደ ሆነ ደግሞ ያንኑ ጻፊልኝ፤ ያን ማወቅ ይገባኛል።

ሳይፈቀድልኝ አንድ ጊዜ ገብቻለሁና ሁለተኛ አላደርገውም። «ይምጡ» ወይም «አይምጡ» የሚል አንድ ቃል፣ በፈለግሽው ቋንቋ፣ እስከ ሐምሌ ፲፪ ቀን ድረስ በጽሑፍ እንድትልኪልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ዓባይነህ መንገሻ